ዶክተር ጉጠት መድረክ ላይ

የጥርስ ሐኪሙን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም «ዶክተር ጉጠት» ነው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ቅጽሉ በልኩ የተሰፋለት ይመስላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው አፉን ግጥም አድርጎ፣ በዓይኑ ብቻ ሰላም ብሎት ያልፋል። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ያንገበግበዋል።

ደግሞ ይዘፍናል። አፋቸው ተከፍቶ፣ ምላሳቸው ደንዝዞ፣ ጉንጫቸው ውስጥ ጥጥ ተወትፎ «ይበቃል» ማለት የማይችሉ አድማጮች ያሉት ዘፋኝ ከእሱ ሌላ የት ይገኛል? «አአአ» ሲሉ የተቀበሉት ይመስለዋል። ዜማው ሁልጊዜ ያው ነው። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ከጫፍ ሲደርስ ጥርሱም አብሮ ይወጣል።

አንድ ቀን የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ከሥልጠና ተመልሰው ስብሰባ ጠሩ። «ሕዝቡ ይፈራናል» አሉ። «እኛም ሰው መሆናችንን እናሳየው። ቅዳሜ ከሰዓት እያንዳንዱ በትርፍ ጊዜው የሚወደውን ይዞ ይቅረብ።»

ዶክተሩ ክንፍ አወጣ። አሥራ አምስት ዓመት አብራው የሠራችውን ነርስ፣ «ከእንግዲህ ማንም አይፈራኝም፤ ታያለሽ» አላት።

«ምናለ ግጥም ቢያነቡ፣ ዶክተር?»

«ምነው፣ ድምፄ መጥፎ ነው?»

«ኧረ ድምፅዎስ ማር ነው። ችግሩ ከነንቡ ነው የሚያቀርቡት።»

ሳቀባት።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መጀመሪያ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ በእጁ የሠራውን ሹራብ ለብሶ ወጣ። አንዱ እጅጌ ከሌላው በስንዝር ይረዝማል። ለሰኞ ቀጠሮ የተያዘላቸው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ ዶክተር ጉጠት አዲስ ሱፉን ለብሶ ወጣና ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ቀጭን አንገት መውጣቱ ያስደንቃል! እንደ ማለዳ ጉም ከወለሉ ተነሣ፣ መስኮቶቹን ዳሰሰ፣ ወደ ጣሪያው ወጣ። ከጫፍ ሊደርስ ሲል ዓይኑን ገለጠ።

ሦስት መቶ ሰው ጉንጩን ይዟል። ሥራ አስኪያጁማ በሁለት እጃቸው። ልማድ ሆኖባቸው አፋቸውን የከፈቱም አሉ።

ድምፁ ተሰበረ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው የሸሸው መሣሪያውን ብቻ አልነበረም፤ ይህን የሚወደውን ዜማም ነው። ዘፈኑን አቁሞ ወደ በሩ አየ።

«ዶክተር ልጄ!» አሉ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት፣ ባለፈው ወር መንጋጋቸውን የነቀለላቸው። «ፈራህ እንዴ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሰይ! ለእኔ 'አይዞዎት፣ እንደ ትንኝ ንክሻ ነው' ብለኸኝ አልነበር? በል አይዞህ፣ እንደ ትንኝ ንክሻ ነው። ጨርሰው፤ የሚያመው ግማሽ ላይ ሲተዉት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠገናቸውን ጥርሶች ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም ነበር። በተሰበረ ድምፅ፣ እየተደናቀፈ ጨረሰ።

ሰኞ ጠዋት ግን ዝም ብሎ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ታካሚ፣ አንድ ወፍራም የአውቶቡስ ሹፌር፣ ክንዱን ለቀም አደረገው።

«ምነው ዝም አሉ? ተጣላን እንዴ?»

«ስዘፍን ትፈሩ የለ?»

«እንፈራለን እንጂ! ግን የለመድነው ፍርሃት ይሻለናል። ይዝፈኑ።»

ብሎ አፉን ከፈተ።