አባይነህ የመረገው ግድግዳ

በ1969 ዓ.ም. መጋቢት፣ የቤት ለቤት አሰሳው ኮተቤ በደረሰ ጠዋት፣ አባይነህ ገና ካልደረቀ ግድግዳ ፊት ቆሞ ነበር። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፣ ሙያው ጭቃ መምረግ፤ ፊደል አልቆጠረም።

ከአንድ ቀን በፊት፣ አባይነህ ጥገና የሚሠራበት ቤት ተከራይ ወንደሰን፣ ውጭ አገር ሙዚቃ ተምሮ የመጣ ወጣት፣ ክምር ወረቀት አስታቅፎት “አደራ፣ እንዳታቃጥለው” ብሎት ጠፍቷል። የራሱ ድርሰት ነው፤ ግን እንደ ሌላው ሙዚቃ በመስመር የተጻፈ አልነበረም። ነጠብጣብ፣ ቀስት፣ ቀይ ክብና እዚህም እዚያም በቀይ የተጫረ ጽሑፍ። የሚያየው ሁሉ የምስጢር ካርታ ነው ይላል፤ ለዚያ ደግሞ ቅጣቱ ጥይት ነው።

አባይነህ ሲጣደፍ ወረቀቱ ግቢው ውስጥ ተበተነበት። እንዳገኘ ለቃቅሞ ስልቻ ውስጥ ከተተና በማገሩ መካከል ሸጉጦ መረገበት። አንድ ቦታ ብቻ ቢመርግ እንደሚያስታውቅ ስለገባው ግድግዳውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መረገው።

ፈታሹ ጣቱን ጭቃው ውስጥ ሰደደ።

“በጾም ምን ያስመርግሃል?”

“ለፋሲካ እንዲደርቅ ነው፣ ጓድ።”

ፈታሹ ጣቱን በአባይነህ ሸሚዝ ጠርጎ ወጣ።

ወንደሰን በሱዳን በኩል አምልጦ ስሙ የሚጠራ አቀናባሪ ሆነ። የወጣትነት ሥራዎቹ ግን ጠፍተዋል ተባለ። አባይነህ ቤቱን ከቀበሌ ተከራይቶ እዚያው ኖረ፤ እኔም ጎረቤቱ ሆንኩ። ደርግ ወደቀ፤ የአባይነህ ፍርሃት ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልወደቀም። እርጥብ ጭቃ ወረቀት እንደሚያበሰብስ ከመራጊ በላይ ማን ያውቃል? ግድግዳው እስካልተከፈተ ድረስ ግን አደራው አልጠፋም።

አምና የወንደሰን የእህት ልጅ ርሆቦት፣ አጎቷ ከሞተ በኋላ፣ ሥራዎቹን ፍለጋ እሱ ድሮ ወደ ኖረበት ቤት መጣች። አባይነህ ሁለት ጊዜ አላውቅም ብሎ መለሳት። ከዚያ መንደሩ ለልማት ሊነሳ ሆነና በራችን ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። ዶዘሩ ሰኞ ይመጣል ሲባል፣ ቅዳሜ ራሱ ደወለላት።

ግድግዳውን ሊከፍት ሲጀምር መሮውን ልቀበለው ስል “ተው፣ የእኔ ምርጊት ነው” ብሎ ከለከለኝ።

ስልቻው ወጣ። አንድ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ከታች ያሉት ገጾች ተጣብቀዋል፤ የቀረው ደኅና ነበር። አባይነህ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ቀን ወረቀቱ እንደተበተነበት፣ የገጽ ቁጥር እንደሌለው፣ ቅደም ተከተሉን እንዳበላሸው ለርሆቦት ተናዘዘ። አርባ ስምንት ዓመት ያመቀው ይህን ነው።

ርሆቦት አንዱን ገጽ ሰጠችው። “አባባ፣ እርስዎ ያንብቡት።”

አባይነህ በሠላሳ ዓመቱ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የለመደ ሰው ነው። በቀይ የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፦ “ተጫዋቹ ከፈለገው ገጽ ይጀምር። ቅደም ተከተል የለውም።”

ደግሞ አነበበው። ከዚያ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

ባለፈው ወር ርሆቦት ጉርድ ሾላ በአንድ አዳራሽ ፒያኖ ላይ ተጫወተችው። አባይነህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ድመት ፒያኖው ላይ ወጥታ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከአዳራሹ ስንወጣ ምን ተሰማህ አልኩት።

“ሙዚቃው አልገባኝም” አለ። “ጀግና ነበር ብለህ እንዳትጽፍ፤ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የመረግኩት። ግን ሰው አምኖ የሰጠኝን አስቀመጥኩ። ግድግዳውም አርባ ስምንት ዓመት አልተሰነጠቀም። እሱን ጻፍልኝ።”