ከውሃልክ ለኮምፒውተር ሠሪዎች የተጻፈ አስተያየት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። «በታላቅ ትህትና» የምትለዋን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት ፈጣሪ ይወቅ፤ ጣቶቼ እኔ ተኝቼም ሊጽፏት ይችላሉ። ይህን የማስቀድመው ስለ አንዲት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሳወራ አፌ እንዳመጣልኝ የማሞግስ እንዳይመስላችሁ ነው። እኔ ሰው በቀላሉ አላደንቅም። ካላመናችሁ ባለቤቴን ጠይቁ።

ውሃልክ እንላታለን። አባቷ ግንበኛ ነበሩ። ልጅ ሆና የእሳቸውን ውሃልክ ተሸክማ የጎረቤቱን መስኮትና ደጃፍ ሁሉ እየለካች «ይሄ ጠሟል፣ ያም ጠሟል» ስትል ትውል ነበር አሉ፤ ስሙ ያኔ ወጣላት፣ አልለቀቃትም። ዛሬ ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል። የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መሃላችን ኮምፔንሳቶ ተገትሯል፣ ግን ከወገብ በላይ ስለማይደርስ ስታስነጥስ ይማርሽ የምላት ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። በእሷ በኩል ካቻቢቴዎቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል። የፈታችውን እያንዳንዱን ብሎን ወረቀት ላይ በፕላስተር እየለጠፈች ከየት እንደወጣ በእርሳስ ትጽፍበታለች። በእኔ በኩል ስላለው ባልናገር ይሻላል።

አንድ ጠባይ አላት። ዕቃ ጠግና ዝም አትልም፣ ለሠሪው ትጽፋለች። ለውሃ ማፍሊያ ሠሪዎች የማብሪያው ቁልፍ እንፋሎቱ መውጫ ላይ መቀመጥ እንዳልነበረበት ጽፋለች። ለማራገቢያ ሠሪዎች ጽፋለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። እኔም እየሳቅኩ፣ አንቺ ልጅ ለግድግዳው ብትጽፊ ይሻልሻል፣ ቢያንስ ቅርብ ነው እላት ነበር። እሷ ግን አትቀየምም። እነሱም ሰው ናቸው ጋሼ፣ ያላዩትን ማን ይንገራቸው ትለኛለች።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ከእኛ ክፍል ማዶ ያለው ቤተ መጻሕፍት አሥራ ሁለት ላፕቶፖች ገዛ። ማሽኖቹ አቅማቸው ትንሽ ነው፣ የመጡበት ሲስተም ደግሞ ከብዷቸዋል። አንባቢው አብርቷቸው ሄዶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ገና እየተነሱ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ እትዬ የምንላቸው፣ በመጡት አንባቢዎች ፊት ሲያፍሩ ከርመው ውሃልክን ለመኗት። እሷም አሥራ አንዱ ላይ ሊኑክስ ጫነችባቸው። አሥራ ሁለተኛው ለመጠባበቂያ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ።

ሊኑክስ እኔ እንደገባኝ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጭነው፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያየው፣ የጎደለውን የሚያሟላበት ሲስተም ነው። ምልክቱ ፔንግዊን ስለሆነ እኔ «ያ ወፍ» ነው የምለው። ለአሮጌው ኮምፒውተሬም ልትጭንልኝ ስትነሳ፣ ያ ወፍ ማመልከቻዎቼን ጫፋቸውን አይነካም ብዬ አሻፈረኝ አልኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ነፍስ ዘራ። ማሽኖቹ ቦግ ይላሉ፣ ወረፋው እስከ በሩ ደረሰ።

በአራተኛው ወር የአንዱ ስክሪን ጠፋ። በሳምንቱ ሌላ። ከዚያ ሦስተኛው። ወደ ሻጩ ወኪል ሲወስዷቸው ወኪሉ ሊኑክስ መጫኑን እንደሰማ፣ ገና ከካርቶኑ ሳያወጣቸው ሲስተሙ ስለተቀየረ ዋስትናው ፈርሷል አለ። ጉድ ፈላ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ማሽኖቹን ያበላሸችው ጠጋኟ ናት ብሎ ለመወሰን ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ያዘ። ከወሰነ ከቤተ መጻሕፍቱ የተከራየነው የእኛ ክፍል ይዘጋል፤ ለአካባቢው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ደግሞ ሥራ እንዳይሰጧት ደብዳቤ ይበተናል። ሌላው ቢቀር ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ እሷ ግን ከስሟ ሌላ ያከማቸችው ነገር አልነበረም።

አንዱን ፈታችው። በማጠፊያው ውስጥ አልፎ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ተበልቷል። ሲስተም ገመድ አይበላም፤ ይሄ ለእኔም ገባኝ። ወኪሉ ግን ገዢዋ አንቺ አይደለሽም ብሎ ጆሮ ነፈጋት። የቀራት በር አንድ ብቻ ነበር። የሠሪው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ «የደንበኞች አስተያየት» የምትል ጥግ አለች፣ ማንም ይጽፍባታል።

ጻፈችና ለእኔ አሳየችኝ። እስቲ ጋሼ ይቃኙልኝ አለችኝ። እኔም ቃኘሁት ብላችሁ ነው? ደመሰስኩት እንጂ። ገመድ፣ ማጠፊያ፣ ሊኑክስ እያለች የደረደረችው ለእኔ የማይረባ ዝርዝር መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በክብር ነው የሚቀርበው ብዬ አንድ ገጽ ትህትና አፈሰስኩበትና ሲያልቅ «ጉዳዬ በቅን ልቦና ታይቶ አስተያየት እንዲደረግልኝ እለምናለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልከዳችኝ መዝጊያ ናት።

በሳምንቱ መልስ መጣ። አንድ መስመር ናት። «ውድ ደንበኛችን፣ በአሁኑ ጊዜ የዋጋ ቅናሽ የለንም።»

ገበያ ወጥቶ ነጋዴውን «እባክህ አስተያየት አድርግልኝ» ያላለ ማን አለ? እኔ ምሕረት ስለምን እነሱ ቅናሽ የምለምን መሰላቸው። ኋላ እንደሰማነው ያችን ጥግ ያገኘ ሰው ሁሉ አስተያየት ይደረግልን እያለ ዋጋ ስለሚከራከርባት፣ ድርጅቱ ያችን አንድ መስመር አዘጋጅቶ ለሁሉም ይልክ ነበር። እፍረቴን የት ላድርሰው? ካሉን ሦስት ሳምንታት አንዱን በላሁባት።

ውሃልክ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መልሱን ሁለቴ አነበበችና እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ የእርስዎ አጻጻፍ ለሹም ነው። ይሄ የሚጻፈው ለሠራተኛ ነው። ሠራተኛ ልመና አይገባውም፣ ልክ ነው የሚገባው።»

ልኩን ልታመጣለት ወደ እትዬ ሄደች። ያንን ያልተነካውን፣ ሲስተሙ እንደመጣ ያለውን አሥራ ሁለተኛውን ማሽን እንዲሰጧት ጠየቀች። ሐሳቧ በፊታቸው ክዳኑን እየከፈተች እየዘጋች ስክሪኑ በስንተኛው እንደሚጠፋ መቁጠር ነው። አንባቢው በቀን ስንቴ ይከፍተዋል? አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ፤ በአራት ወር ከአንድ ሺህ ይበልጣል። ጥፋቱ የማጠፊያው ከሆነ ይሄም ይጠፋል። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው እትዬ እጅ ነው። ከጠፋ በእሳቸው ቁልፍ አራተኛ ማሽን ተሰበረ ማለት ነው፣ የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው።

«ባይጠፋስ ልጄ?» አሏት።

«ካልጠፋ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሱንም እጽፈዋለሁ።»

ቁልፉን አወጡና ሰጧት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስታችን ንባብ ክፍሉ ጥግ ተቀመጥን። እሷ ትከፍታለች፣ ስክሪኑን ታያለች፣ ትዘጋለች። እኔ እቆጥራለሁ። እትዬ በየመቶው ወረቀት ላይ ጭረት ያሰምራሉ። አሠራሯን ብታዩት! አትቸኩል፣ አትጎትት፣ አንባቢ በሚከፍትበት አኳኋን ብቻ፣ አንዴም ሳታጠብቅ አንዴም ሳታላላ። አራት መቶ ላይ እጇን ቀየረች። ስድስት መቶ ላይ እትዬ ጭረታቸውን አሰመሩ። ከዚያ በኋላ ያለው እንዴት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ፀሐዩም ጀርባዬን ሞቅ አድርጎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ስንት ደረስን?»

«ስድስት መቶ ሰማንያ አንድ» አልኩ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

እጇ ቆመ። አየችኝ። ተኝተው ነበር አለችኝ፣ በለሆሳስ፣ እትዬ እንዳይሰሙ። ካድኩ። አየችኝ። አመንኩ። ማን ያየናል፣ ሰማንያ በለው ዘጠና በለው፣ ምን ለውጥ አለው ብዬ ላግባባት ብሞክርም ወይ ፍንክች። እርግጠኛ ከሆንበት ከስድስት መቶ ቀጠልን፣ የተኛሁባትንም ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፈቻት። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ያፈጠጥኩበትን ያህል በሠርጌ ቀን እንኳ አላፈጠጥኩም።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ ላይ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እትዬ ይብቃ ልጄ አሏት። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ላይ ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ምናልባት ተሳስታ ይሆን አልኩ በሆዴ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ስል ስክሪኑ ተርገበገበና ጠፋ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። እሷ አልተደሰተችም። ክዳኑን በመዳፏ ዳበስ አደረገችውና ወረቀትና እርሳስ አነሳች።

ደብዳቤውን ራሷ ጻፈችው፣ እኔን አላስነካችም። የማሽኑ ሲስተም ከመጣበት እንዳልተነካ፣ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደጠፋ ጻፈች። ገመዱ አንድ ጣት ያህል ቢረዝም ማጠፊያው ውስጥ እንደማይወጠር በስዕል አሳየች። ሊኑክስ ለሚፈልግ ሰው ከፋብሪካው ጭናችሁ ሽጡለት አለች፣ ምርጫው ካርቶኑ ላይ ይጻፍ፣ ሰው ማሽኑን ስላፈጠነ ሰባሪ ተብሎ አይጠራ። ኪቦርዱ ላይ የእኛን ፊደል አትሙበት የምትልም ጨመረች። ከዚያ እዚያች መሃል ላይ ይህችን ዓረፍተ ነገር አየሁ፦ «ከስድስት መቶ እስከ ሰባት መቶ ባለው መካከል ቆጣሪው እንቅልፍ ስለወሰዳቸው፣ ትክክለኛው ቁጥር እስከ መቶ ሊበልጥ ይችላል።»

አፈር ልሁንልሽ አውጪው አልኳት። የድርጅት ሰዎች ይሳለቁብሻል፣ እኔንም አዋርደሽ ጉዳይሽንም ውድቅ ልታስደርጊ ነው ብዬ ለመንኳት። ሠላሳ ዓመት ለሰው ለምኛለሁ፣ ለራሴ ስለምን ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሳታወጣው ላከችው።

ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው መልስ መጣ፣ ያውም ከራሱ ከማጠፊያው ክፍል መሐንዲስ። ሰውየው እንዲህ ብሎ ነበር የጻፈው፦ «በየቀኑ ብዙ ደብዳቤ ይደርሰናል፣ ሁሉም እርግጠኛ ነው። እርስዎ ግን ቆጣሪዎ መተኛቱን ስለጻፉ የቀረውን አመንን። እኛም ሰባት ማሽኖች አውጥተን ቆጠርን። ጥፋቱ የእኛ ነው።» አራቱም ማሽኖች ሲስተማቸው ሳይነካ በዋስትና እንዲጠገኑ ለወኪሉ አዘናል ይላል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ደብዳቤውን በስብሰባው ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። ቆጣሪው መተኛቱ ላይ ሲደርሱ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን የፈለጉትን ያህል ቢሳለቁብኝ ግድ አልነበረኝም፣ ምክንያቱም እሷን በክፉ የሚያያት አንድም ሰው አልቀረም። እትዬ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር፤ ጉንፋን ነው አሉ። ጉንፋን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ዓመት ካለፈ በኋላ አዲሱ ዓይነት ላፕቶፕ መጣ። ካርቶኑ ላይ የሲስተም ምርጫ ተዘርዝሯል፤ ሁለተኛው ሊኑክስ ነው፣ ከፋብሪካው የተጫነ። ኪቦርዱ ላይ ሀ ሁ አለ። የድርጅቱ ድረ ገጽ ጥግ ላይ ደግሞ «አስተያየት» ከምትለው ቃል ሥር አንዲት ማብራሪያ ተጨምራለች፦ «ሐሳብዎን ማለታችን ነው፤ ቅናሽ አይደለም።» ይህችኛዋ የእኔ ድርሻ ናት፣ ማንም አይወስድብኝም።

አሮጌው ኮምፒውተሬ አርፎ ስለነበር አንዱን ገዛሁ። የትኛውን እንደሆነ ገምቱ። አዎ፣ ያ ወፍ ያለበትን። ታይልኝ ብዬ ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጠው ካርቶኑን ዞር አድርጋ ያልተነበበ ጽሑፍ እንዳይቀር አነበበች። «ማጠፊያው ሃያ ሺህ ጊዜ ተከፍቶና ተዘግቶ የተፈተነ» የምትለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ማን ቆጠረላቸው?» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ ግን ላፕቶፑን አውጥታ ፊቷ አደላድላ፣ በርጩማውን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። ጋሼ፣ ሻይዎን መጀመሪያ ይጠጡ አለችኝ። ጠጣሁ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፣ ፀሐዩን ፊት ለፊቴ አድርጌ። ክዳኑን ከፈተች፣ ስክሪኑን አየች፣ ዘጋችው።

«አንድ» አልኩ።