ለሐቦባ የሚሆን አስፈሪ ልብ ወለድ

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ካርቱም ዐማራት ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው ጎዳና ገባ ብላ ትንሽ ዱካን ነበረችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የፀጉር ቅባትና መጽሐፍ እሸጥባታለሁ። እንጀራዬ በርበሬው ነው፤ ኩራቴ ግን መጽሐፉ ነበር። መጽሐፍ ስልም ሁሉንም ማለቴ አይደለም። የፍቅር ልብ ወለድ የምትጠይቀኝ ደንበኛ ስትመጣ ፊቴን አጨፈግግባታለሁ። "ፍቅር ስልክሽ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ?" ብዬ እሸኛታለሁ። እኔ ዘንድ የሚገኘው የሚያስፈራው ነው፤ ጨለማ ቤት፣ የጠፋ ሰው፣ የማይታመን ባል፣ መርዝ የሚቀምም ፋርማሲስት። የመተማ መንገድ ሾፌሮች አመሌን ስለሚያውቁ፣ አዲስ የወጣ አስፈሪ መጽሐፍ ሲያገኙ ከበርበሬው ጆንያ ጋር ያመጡልኛል።

አርብ አርብ በየሰው ቤት የሚሠሩት ልጆች ዕረፍት ሲወጡ ዱካኗ መቆሚያ አይገኝባትም። "እትዬ፣ ምን አዲስ አለ?" ይሉኛል። ለሰው መጽሐፍ መምረጥ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። እኔ መጀመሪያ የማስበው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን አንባቢዋ ስለምታድርበት ክፍል ነው። አል-ማንሺያ የምትሠራው ደንበኛዬ ምድር ቤት ብቻዋን ነው የምትተኛው፤ ምድር ቤት ያለበትን ታሪክ ከመደርደሪያው ጀርባ እደብቅባታለሁ። ልጅ ለምታሳድገዋ ልጅ የሚጠፋበትን አልሰጥም። ባሏ አገር ቤት ሌላ አግብቶባት ስታለቅስ ለከረመችው ግን ባል የሚታረድበትን መርጬላት፣ በሳምንቱ ፊቷ በርቶ መጥታለች።

"የሚኖሩት ፍርሃት አንሷቸው ነው ደግሞ አስፈሪ የምታስነብቢያቸው?" የሚሉኝ ነበሩ። ይህ ነገር ያናድደኛል። በሰው ቤት ያለው ፍርሃት መልክ የለውም። ማዳም ዛሬ ለምን ዝም አለች? ፖሊሱ ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን አሳዪኝ ይል ይሆን? በየት በኩል እንደሚመጣ አታውቂም። የመጽሐፉ ፍርሃት ግን ሲበዛብሽ አጥፈሽ ትራስሽ ሥር ትከቺዋለሽ፣ ነገም እዚያው ይጠብቅሻል። እንዲህ እያልኩ እከራከር ነበር።

ከደንበኞቼ አንዷ አል-ጣኢፍ የሚባለው የካርቱም ሰፈር የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ሥራዋ የማዳሟን አሮጊት እናት መንከባከብ ነው። ቤተሰቡ አሮጊቷን ሐቦባ ይላቸዋል፣ አያት እንደማለት ነው፤ እሷም ሐቦባ ትላቸዋለች። አንድ አርብ የወሰደችውን መልሳ፣ "እትዬ፣ ይሄን ሐቦባ አልወደዱትም" አለችኝ።

"ሐቦባ ደግሞ አማርኛ ከየት አመጡ?"

ሳቀች። ለካ እሷ ማታ ማታ አንብባ፣ በየቀኑ ቤተሰቡ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ አሮጊቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በዐረብኛ ትተርክላቸዋለች። አንድ ቀን እንቅልፍ እንቢ ቢላቸው ዝም ለማሰኘት ነበር የጀመረችው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ናቸው የሚያስቸግሯት።

"ደም አይወዱም" አለችኝ። "ክፉ ጎረቤት ያለበትን ነው የሚወዱት።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ የምመርጠው ለሁለት ሰው ሆነ፣ አንደኛዋን ግን ዓይቻቸው አላውቅም። የአሮጊቷ አስተያየት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። የሟች ተከራይ ነጠላ ጫማ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ የሚገኝበትን መጽሐፍ ልኬላቸው፣ "ለዚያች ሐበሻ ንገሪያት፣ ጂኒ በጫማ አይጫወትም፤ ይሄን የጻፈው ጂኒ አያውቅም" ብለው መለሱልኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ገዳዩን ገና ሻይ ሲጠጣ ዐውቀውት ደራሲው ላይ ስቀዋል። ወላሂ፣ እንደሳቸው ያለ አንባቢ አልገጠመኝም። አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው ስለ ሐቦባ ነበር።

የመጨረሻውን መጽሐፍ ገና እንዳገላበጥኩት ነው "የሐቦባ ነው" ያልኩት። ደም የለበትም። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለች፤ አንዲት ጎረቤት በየቀኑ የተከደነ ሳህን ይዛላት ትመጣለች፤ ሴትዮዋ ከምግቡ በቀመሰች ቁጥር አንዳንድ ቃል ይጠፋባታል። ሽፋኑ ግን ያስጠላል፤ ጥቁር መደብ ላይ አፍ የሌላት የሴት ፊት በቀይ ተስሎበታል። ማዳሞቹ እንዳይደነግጡ ብዬ ሽፋኑ የከፋውን ሁሉ እንደ ተማሪ ደብተር በቡናማ ወረቀት እለብጣለሁ፤ ይሄንንም ለበጥኩት። በደስታ ይዛው ሄደች።

በሳምንቱ አርብ አልመጣችም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሬን ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው የዱካኔ ማኅተም ላይ ያገኘችው ማዳሟ ናት። "መጽሐፉን የሰጠሻት አንቺ ነሽ? ነይና አስረጂን" አለች። ድምጿ የቁጣ አልነበረም፣ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ምርጥ አንባቢዬን ሐቦባን መጀመሪያ ያየኋቸው እንዲህ ሆነው ነው። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው የሳቸው አይመስልም፣ መናገር አይችሉም። ትራሳቸው አጠገብ በስልክ ቁርኣን ይቀራል። የወሎዋ ልጅ ዓይኗ አብጦ ግድግዳው ጋ ቆማለች። መጽሐፉ የብረት ትሪ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም በእጁ ሊነካው አልፈለገም።

"ሐኪሙ የጭንቅላት ደም ሥር ተዘግቶ ነው አለን" አለች ማዳሟ። "እሺ፣ እሱስ ይሁን። ግን ለምን ተዘጋ?"

"ይህ ተረት ነው" አልኩ። "ሪዋያ ነው። ሰው ፈጥሮ የጻፈው።"

"ሪዋያ ከሆነ ለምን ተሸፈነ?"

በማንኪያ ጫፍ ወረቀቱን ገለጠችውና ያቺ አፍ የሌላት ፊት ብቅ አለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አዑዙ ቢላሂ አሉ። ቀጥላ መሀሉን ከፈተችው። የወሎዋ ልጅ ያቆመችበትን ለማወቅ ከአሮጊቷ መከናነቢያ ቶብ ላይ የተተረተረች ክር ገጹ መሀል አስገብታለች። ሰው ላይ ድግምት ሊደገም ሲታሰብ የሰውየው ልብስ ክር እንደሚፈለግ እዚያ ቤት የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

የማዳሟ ሴት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ ስልኳን ገጹ ላይ ደገነችው። ስልኩ ያንን የመሰለ አማርኛ ፈጭቶ በዐረብኛ አወጣው። "አሮጊቷ፣" ብላ አነበበች ልጅቷ፣ "ከሳህኑ… ምላሷን ወሰድኩት… ከዛሬ ጀምሮ አትናገርም።"

"ይህ አለበት ወይስ የለበትም?" አለችኝ ማዳሟ።

ምን ልበል? አለበት። "አለበት፣ ግን የምትናገረው በታሪኩ ውስጥ ያለችው ጎረቤት ናት…"

"ኸላስ፣ በቃ።"

የኔ ዐረብኛ የሱቅ ዐረብኛ ነው። በርበሬ እከራከርበታለሁ፣ የረክሻ ነጂ እሰድብበታለሁ። ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ መጻፍ ምን እንደሆነ ለተጨነቀ ሰው ማስረዳት ግን አልቻልኩበትም። "አሮጊቷ ራሳቸው ያውቃሉ፣" አልኩ በመጨረሻ፣ "በየቀኑ ትተርክላቸው ነበር፣ ይወዱት ነበር።" ያዳንኳት መስሎኝ ነው ይህን ማለቴ። ማዳሟ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

"በየቀኑ? በየቀኑ ይህን እናቴ ጆሮ ውስጥ ስታፈስ ነበር?"

አሮጊቷ መጽሐፉን ካዩበት ጊዜ ጀምሮ በግራ እጃቸው አልጋውን እየደበደቡ ከጉሮሯቸው ይጮሁ ነበር። "መጽሐፉ ያቃጥላታል፣ አስወጡላት" አለች የልጅ ልጃቸው። እኔ ያቃጠላቸው ሌላ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። መናገር ቢችሉ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ያሳፍሩ ነበር። ምስክራችን እሳቸው ነበሩ፣ የእሳቸውም አፍ ተይዟል።

ከዚያ ማዳሟ ድንገት አለቀሰች። የወሎዋን ልጅ እጅ ያዘች። "ፖሊስ አልጠራም፣" አለቻት፣ "ወላሂ አልከስሽም፣ ደመወዝሽንም እጨምርልሻለሁ። ብቻ ፍቺላት። እናቴ ትናገር።" የልቧን ነው የምትለው። ልጠላት መጥቼ መጥላት አቃተኝ።

"ምንም እንዳትናገሪ" አልኳት ልጅቷን በአማርኛ። "ምንም አታድርጊ። ዝም ብለሽ ቁሚ።"

"እትዬ፣ እስኪ እዩዋቸው" አለች።

አልሰማችኝም። ሄዳ እንደወትሮው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የአሮጊቷን ደህና እጅ ያዘችና በለሰለሰ ዐረብኛ ካቆመችበት ጀመረች። ሴትዮዋ መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ ጎረቤቷ የተከደነውን ሳህን ይዛ ግቢውን ስታቋርጥ ታያለች፣ ዛሬ ግን በሩን ልትከፍትላት አላሰበችም። የሐቦባ ጩኸት በአንዴ ቆመ። አልጋውን መደብደቡንም ተዉት። ዓይናቸው የልጅቷ አፍ ላይ ተተከለ፤ ደህና በሆነው ጎን ከንፈራቸው ፈገግ አለ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሆነው እንደማያውቁ በሁሉም ፊት ላይ ይነበባል። አሁን ገባቸው፣ በዓይናቸው አዩት፣ ልጅቷ ተረፈች አልኩ።

"አያችሁ?" አለች ማዳሟ በሹክሹክታ። "አያችሁ እንዴት እንደያዘቻት?"

ሁሉም እንደሷ አሰቡ። ዝም ካሰኘቻት፣ ማስጮኹም የእሷ ነው። ዛሬ ካረጋጋቻት ነገ መግደል ትችላለች። እኔ እንኳ ለአንዲት ቅጽበት ነገሩ ልክ ሆኖ ታየኝ፤ እስከዛሬ የሚያበግነኝ ይህ ነው። ልጅቷ ያን ቤት ለቅቃ የሄደችው አሮጊቷ ስለወደዷት ነው፤ ሌላ ምንም አልተገኘባትም።

ዕቃዋን በፌስታል አድርገው ፓስፖርቷን ሰጧትና አስወጡን። መጽሐፉን ሼኽ መጥቶ እስኪያቃጥለው ብለው አስቀሩት። የግቢው በር ከኋላችን ተቀረቀረ። መንገዱ ላይ እግራችንን እንዳነሳን የአሮጊቷ ጩኸት እንደገና ተጀመረ፤ አልጋው ሲደበደብ ውጭ ድረስ ይሰማል። ልጅቷ ፌስታሉን ጣለችው።

"እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው። ጨርሼላቸው ልምጣ።"

"አይከፍቱልሽም። ያላ፣ እንሂድ።"

ወደ ግንቡ ተጠጋችና ባላት ድምፅ ሁሉ በዐረብኛ መጮህ ጀመረች። "ሐቦባ! ሴትዮዋ አትሞትም! ሳህኑን መልሳ ጎረቤቷን ታበላታለች! ከዚያ ድምጿ…" የአካባቢው ዘበኞች ከየበሩ ብቅ ብቅ አሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ሌላው "ምንድን ነው የምትደግመው?" ሲል ሰማሁት። የሚመጣው ታየኝ።

ከኋላዋ አቅፌ አፏን በእጄ ከደንኩት። ታገለችኝ፣ መዳፌን ነከሰችኝ፣ አልለቀቅኳትም። ጎትቼ ረክሻ ውስጥ አስገባኋት፤ ከመንደሩ እስክንወጣም እጄን አላነሳሁም። ከኋላችን ግንቡ ውስጥ ሐቦባ ይጮሃሉ።