ሳላየው የሸጥኩት አምባዛ

ያ ጠዋት ያስወጣኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነጋዴ ነኝ፣ ወሬም ከሒሳብ ሲጀመር ነው የሚጥመኝ። አንድ ስልክ ሐይቁ ገባ። አንድ መረብ ተበጣጠሰ፣ ምትኩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ደሴ ላይ ዓሣ የሚወስድልኝ አንድ ትልቅ ሆቴል ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም። የቀኝ አውራ ጣቴም ይኸውና፣ ዛሬም ብር ስቆጥር አልታጠፍ ይለኛል። እናንተ ተደራጅተን ጀልባ እንገዛለን፣ እንግዳ እናንሸራሽራለን፣ ወፍ እናሳያለን ስትሉ ሰማሁ። ግዙ። ብቻ ይህን ሰምታችሁ ግዙ።

ጊዜው ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙበት ዓመት ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጠዋት የሚያኝክ ከተገኘ ወይ ሕፃን ነው ወይ በግ። ለእኔ ግን ደህና ወቅት ነበር። ሥጋ ቢሆን ማን ባረከው፣ ማን አረደው ተብሎ ገበያው ለሁለት ይከፈላል፤ ዓሣ ግን ቢስሚላሂም በስመ አብም ሳይጠይቅ ሁለቱም ቤት ይገባል። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቼ እኔ ለጠየቀኝ አቀርባለሁ።

ጀልባውም መረቡም የአያ መኮንን ነው። አምባሰል ተራራ ሥር ተወልዶ ሐይቁ ዳር ያረጀ ሰው ነው፤ እሱ ያወጣል፣ እኔ እሸጣለሁ፣ ከዚህ ሌላ ውል የለንም። ሦስተኛው ከማል ነበር፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። እንደ አብዛኛው የሰፈራችን ልጅ በባሕር አድርጎ፣ የመንን አቋርጦ ጅዳ ደርሷል። ከተመለሰ ወዲህ ግን ውሃ አጠገብ አይደርስም። ስለ መንገዱ ቢጠየቅ ወሬ ይቀይራል። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ፣ መረብ ስታወጡ እኔንም ውሰዱኝ አለ። ምን ታየህ አላልኩትም፤ እናቱን አስፈቀድኩ። አማቴ ደግሞ ንግግር አታበዛም። «ልጄን ባሕሩ መልሶልኛል፤ አንተ ለኩሬ እንዳትሰጥብኝ» አለችኝ። የቀረውን ዓመት እንዴት እንደምታየኝ በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ስንወጣ ጉም ውሃው ላይ ተኝቶ ነበር። ነፋስ የለም፤ በዚያ ወቅት ነፋሱ የሚነሣው ረፈድ ሲል ነው፣ ጠዋት ሐይቁ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው። አያ መኮንን ከፊት፣ ከማል ከመሐል፣ እኔ ከኋላ መቅዘፊያ ይዤ። ከማል የጀልባውን ግራና ቀኝ ጠርዝ ጨብጦ ጉልበቱን ያያል። አያ መኮንን ሊያጫውተው ስለ ጅዳ ሙቀት ጠየቀው፤ «ይሞቃል» አለ፣ በቃ። ሻላዎቹ፣ እነዚያ ምንቃረ ረጃጅም ወፎች፣ ከጉሙ ውስጥ ተሰልፈው ብቅ ሲሉ ነው ቀና ያለው። ተራ ጠባቂ ይመስላሉ፣ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላውም ያጎነብሳል። ሳቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ መቅዘፊያውን ከእጄ ወሰደ፣ ቀስ እያለም ቀዘፈ። እኔም በልቤ ለአማቴ የምነግራት አገኘሁ አልኩ።

በደንገሉ ጥግ ስናልፍ ጭቃው ላይ ሰፊና ለስላሳ ዱካ አየሁ፤ ሙሉ ጆንያ ተጎትቶ ውሃ የገባ ይመስላል። ሌባ ዓሣችንን ጎትቶታል አልኩ። አያ መኮንን አየና «ጆንያ እንዲህ አይጠማዘዝም» አለ። ያኔ ብጠይቀው ጥሩ ነበር። መቅዘፊያውን ግን ከከማል ተቀብዬ ወደ መረቡ ምልክት፣ ወደ ባዶው ፕላስቲክ ጀሪካን ገፋሁ።

አሁን ልማዱን ስሙ። መረብ ሲሳብ ቢከብድም ስም አይወጣለትም። ፊቱን ሳያዩ አምባዛ ነው፣ ቆሮሶ ነው ማለት በዓሣ አጥማጅ ዘንድ ነውር ነው። እኔ የሐይቅ ልጅ ብሆንም የአስፋልቱ ወገን ነኝ፤ ለነጋዴ ደግሞ የከበደ ነገር ሁሉ ዋጋ አለው። መረቡ ሲጀመር ቀላል ነበር፣ ጥቂት ቆሮሶ ይዟል። መሐሉ ላይ ሲደርስ ጀልባችን ወደ ፊት ደፋ አለች።

«አምባዛ ነው አይደል?» አልኩት።

«ገና አላየነውም» አለ አያ መኮንን።

እኔ ስልኬን አውጥቼ ለደሴው ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ደወልኩ። ምን ያህላል አለኝ። አንድ ሰው ብቻውን አያወጣውም አልኩት፤ ይኼ እውነት ነበር። በዋጋው ላይ ስንከራከር ከማል አጎንብሶ መሳብ ጀመረ።

መጀመሪያ የወጣው የዝይ እግር ነው፣ ወደ ላይ ተሰቅሎ። ዝዩ መረብ ገብቶ ሞቷል። ከዚያ ዝዩን ከራሱ ጀምሮ እስከ ክንፉ የዋጠው ነገር ወጣ። የጭነት መኪና ጎማ መሰለኝ፤ ጎማው ተንቀሳቀሰ። ዘንዶ ነው። ዝዩን ብሎ መጥቶ እሱም መረቡ ውስጥ ተተብትቧል። እኔ ምን እንደሆነ ገብቶኝ ሳልጨርስ፣ ከመረቡ ያመለጠው ኋለኛው ገላው ከከማል የእጅ አንጓ እስከ ክርኑ በላይ ዞረ።

ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ እንጃ፤ ከሐይቅ መሐል የት ልሄድ ነው። ስልኩ ከእጄ ወደቀ፣ ሰውየው ገና ሃሎ ይላል። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተኛች፣ ውሃም ገባ። ዋና አልችልም።

«አያ ሰይድ፣ ተቀመጥ» አለ ከማል። አልጮኸም፤ መስጊድ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ነው ያለው። «ጀልባ የሚገለብጠው የቆመ ሰው ነው።»

ጀልባዋ ውስጥ በገባው ውሃ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ጀልባዋ ቀና አለች። መረቡን ቁረጠው ብዬ አያ መኮንንን ለመንኩት። ቢላው ወገቡ ላይ ነበር፣ አልነካውም። «ከቆረጥኩት የታሰረውም ይፈታል፤ ያኔ ለሦስታችንም ይበቃል» አለና የዘንዶውን ራስ በመረቡ ላይ በሁለት እጁ ያዘው። አፉ በዝይ ስለተሞላ መንከስ አይችልም። «አንተ ጭራውን ፈልግ። ከጭራው ጀምረህ እንደ ገመድ ፍታው።»

እኔ እንኳን ዘንዶ፣ በሕይወት ያለ ዓሣ ነክቼ አላውቅም፤ እጄ የሚያውቀው ሚዛን ነው። ጭራው ከከማል ጭን ሥር ነበር። ይዤ ስቤ አንዱን ዙር ፈታሁ፤ መልሶ ዞረ፣ በዚህ ጊዜ አውራ ጣቴን አብሮ። ቀጭ ሲል ሰማሁት። የከማል ጣቶች ጠቁረዋል። እጁን አያይም፤ ማዶ ያለውን ዳር ነው የሚያየው፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «አብሽር፣ አብሽር» ይላል አያ መኮንን፤ ለማን እንደሆነ አላወቅኩም። እንደገና ያዝኩ፣ በግራዬ። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ከዚያ ክንዱ ነጻ ወጣ። አያ መኮንን መረቡን ከነዘንዶው ወደ ውሃ ገፍቶ ገመዱን ከጀልባዋ አፍንጫ ጋር አሰረው።

እስከ ደንገሉ ድረስ እየጎተትን ቀዘፍን። ግደለው አልኩት። «ገድዬ ለማን ትሸጥልኛለህ?» አለኝ። ጭቃው ውስጥ ገብቶ መረቡን በቢላው ቆራርጦ ለቀቀው። ዘንዶው ዝዩን ተፍቶልን ሄደ። ዝዩም ያልታረደ ስለሆነ በሁለቱም ሃይማኖት የማይበላ ነው፤ በጾም ቀን ለሦስት ሰው ከዚህ የባሰ ግብዣ አላየሁም።

ዳር ላይ ተቀመጥን። ከማልና እኔ አፋችን ደርቋል፣ ውሃው እግራችን ሥር ነው፣ ፊታችንን ታጥበን ተውነው። ከማል ክንዱን እያሸ ሳይጠየቅ ተናገረ። «በባሕሩ የሄድን ቀን ማዕበል አልነበረም» አለ። «ዳሩ ታየ። አንዱ ሊያይ ተነሣ፤ ከዚያ ሁሉም ተነሣ።»

ስንት ሰው ባሕሩ ውስጥ እንደቀረ አልጠየቅኩትም፤ ቁጥር የምወድ ሰው ነኝ፣ ያንን ቁጥር ግን አልፈለግኩትም። አያ መኮንን ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን አልሸጥም። ገበያ ተናውጦ ሁሉም ብድግ ሲልም መጀመሪያ እቀመጣለሁ፤ እስካሁን አልከሰርኩበትም። እናንተም እንግዳችሁን ስታሳፍሩ የወፉን ስም ለኋላ አቆዩት። በቅድሚያ ምንም ቢመጣ አትነሡ በሉት፣ እናንተም አትነሡ።

ያን ዕለት ለደሴ አንድ ኪሎ ዓሣ አልላክንም። ሦስት ሆነን ወጣን፣ ሦስት ሆነን ገባን።