የዘመነች ስድስተኛ ቅጂ

ዘመነች ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ምስጢር ስትተይብ ኖራለች፤ አንዲት ቃል ግን ከአፏ ወጥታ አታውቅም። በታይፕራይተሩ ጊዜ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግታ ትጽፍ ነበር፤ አሁን ደግሞ አስኮ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ የጽሕፈት ቤቷ ውስጥ። «እጄ ጻፈ፣ ዓይኔ አላየም» ትላለች። ለወሬ ያህል አይደለም። የገዛ እህቷ ባል የፍቺ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ቢመጣ ጻፈችለት፤ የዚያኑ ቀን ማታ ከእህቷ ጋር ከአንድ ትሪ በልታ ትንፍሽ አላለችም። መጥሪያው ሲደርስ እህትየዋ ዓመት ሙሉ አኮረፈቻት!

ከጎኗ፣ በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ተለይቶ፣ የፈቀደ ፎቶ ቤት አለ። ፈቀደ ደግ ሰው ነው፤ አፉ ግን ክዳን የለውም። ጠዋት ጆሮው የገባ ነገር ለምሳ ጦር ኃይሎች ይደርሳል፣ ያውም ታክሲ ሳይዝ።

እንግዲህ አንድ ቀን የኔትወርክ ባለሙያዋ ሰልሳቢል መጥታ የሁለቱን ቤት ማሽኖች አገናኘች። ከዘመነች መደርደሪያ ላይ አረንጓዴ መብራት የምታብለጨልጭ ትንሽ ሳጥን አስቀመጠች። አንዱ ገመድ ወደ ዘመነች ኮምፒውተር፣ አንዱ ወደ ራሷ ፕሪንተር፣ አንዱ ደግሞ በግድግዳው ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ፈቀደ ትልቅ ፕሪንተር ሄደ።

«እትዬ፣ ጽሑፉ እንዳለ አይሄድም» አለች ሰልሳቢል። «ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ ፖስታ ውስጥ እንደገባ ደብዳቤ አድራሻ ይጻፍበታል። ማሽን ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለው። ሳጥኗ ቁጥሩን አይታ ለባለቤቱ ብቻ ታደርሳለች፤ እዚያ ሲደርስ ይገጣጠምና ይታተማል።»

«ውስጡን ታነባለች?»

«ኧረ! አድራሻውን ብቻ።»

«እንደኔ ናት በይኛ!» ዘመነች ደስ ብሏት ሳጥኗን በመሐረቧ ወለወለቻት።

ሰልሳቢል በር ላይ ዞር ብላ «እትዬ፣ ስዊቹን እንዳይነኩብኝ፤ አደራ!» አለች። አደራ ለዘመነች ቀልድ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለውን የመብራት ማብሪያ በፕላስተር ጠቅልላ አሸገችው። አምፖሉ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በራ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ኃይለመስቀል ከዘራቸውን እያንኳኩ መጡ፤ ኑዛዜ ሊያስጽፉ። ሳጥኗ ከገባች ወዲህ የመጀመሪያው ባለጉዳይ ናቸው። «ሦስት ምስክር አግኝቻለሁ፤ አራተኛው ቸገረኝ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘመኑ፣ ልጆቼ ሳልሞት ከሰሙ ቤቴ ጦር ሜዳ ነው የሚሆነው።» የኑዛዜው ቃል እዚህ አይጻፍም፤ ዘመነች ትቆጣለች።

ተይባ ጨረሰችና «አትም» የሚለውን ነካች። ፕሪንተሯ ጭጭ። ደግማ ነካች። ጭጭ። ተናዳ ሌላ አራት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገችው፤ በጠቅላላው ስድስት።

ከግድግዳው ማዶ ጩኸት መጣ። «ዘሙ! ኧረ በስመ አብ በይ! ይኼ ማሽን ሳልነካው ይጽፋል!»

«ምን ይላል?»

«ከላይ... ኑዛዜ ይላል!»

ዘመነች ክው አለች። ከምድር ሁሉ ተመርጦ ፈቀደ ጋ! ጋሽ ኃይለመስቀል ከዘራው ከእጃቸው አመለጠ። «የኔ ነው?» አሉ። ዘመነች ስልኳን አንሥታ ለሰልሳቢል ደወለች።

«ስዊቹን ያጥፉት!» አለች ሰልሳቢል።

ዘመነች ፕላስተሩን ቦጭቃ ማብሪያውን ቀጭ አደረገችው። ክፍሉ ደበዘዘ። ማዶ ያለው ማሽን ግን ዥው... ዥው...

«አጠፋሁት! አሁንም ይጽፋል!»

«ምኑን ነው ያጠፉት?»

«መብራቱን ነዋ!»

«ያ ረቢ! ሳጥኗን እትዬ፣ ሳጥኗን! ስዊች የምትባለው እሷ ናት!»

ዘመነች የሳጥኗን ገመድ ከሶኬቱ መነጨቀችው። ጸጥ አለ። በነጠላ ጫማዋ ፎቶ ቤት ስትደርስ ፈቀደ ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ ግድግዳ እያየ ቆሟል። ወረቀቶቹ በግምባራቸው ተደፍተው ካሜራው ተጭኗቸዋል።

«ርዕሱን ብቻ ነው ያየሁት» አለ።

ቆጠረች። አምስት። «ስድስት ጊዜ ነው የነካሁት። አንዱስ?»

«ይኸው ነው የወጣው።»

«ኪስህን አሳየኝ! ወሬኛ! የሰው ቤት ልታፈርስ ነው?»

ፈቀደ ምንም ሳይል ሁለቱንም ኪሶቹን ገልብጦ አሳየ፤ ቁልፍና አንድ ማስቲካ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሃያ ዓመት ጎረቤት ሲሆኑ ዝም ብሎ አይታው አታውቅም፤ ይኼ ራሱ አስደነገጣት።

ሰልሳቢል በባጃጅ ደረሰች። «ስንት ወጣ?» ብላ ጠየቀችና ወደ ዘመነች ቤት ገብታ ገመዱን መለሰች። አረንጓዴዎቹ መብራቶች አንድ በአንድ ተነሡ። ያን ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው፣ የፈቀደ ማሽን ዥው አለ! ዘመነች በአንድ ዝላይ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ጣለችበት። ስድስተኛው ቅጂ ከነጠላዋ ሥር እየተሳበ ወጣ።

«ኮምፒውተርዎ ውስጥ ወረፋ ይዞ ነበር» አለች ሰልሳቢል ተመልሳ ከፎቶ ቤቱ በር ላይ። «መንገዱ ሲዘጋ ቆመ፣ ሲከፈት ሄደ። ሳጥኗም አልተሳሳተችም። ኮምፒውተርዎ ላይ የፈቀደን ፕሪንተር የመጀመሪያ ምርጫ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ ይኼ የኔ ጥፋት ነው። ግን ማሽኑ የት ልላክ ብሎ ስሙን አሳይቶዎት ነበር፤ ሳያዩ ነኩት።»

አድራሻ ሳታይ! ያውም ዘመነች! ፊቷ ነደደ። «ፈቄ» አለች፣ «አፌን በቆረጠው።»

«ተይው» አለ ፈቀደ። «ወሬ እወዳለሁ፤ አልክድም። ግን ሽማግሌ በቁሙ እያለ ኑዛዜውን አነባለሁ እንዴ?»

ጋሽ ኃይለመስቀል ከበሩ ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ገብተው ፈቀደን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ምስክሮቹ ከሰዓት ይመጣሉ። አራተኛው አንተ ነህ።»

«እኔ?!» አለ ፈቀደ።

«እሱ?!» አለች ዘመነች።

«ከእጁ ገብቶ ያላነበበ ከየት አገኛለሁ? አሁን ኑዛዜው ሲነበብ በሕግ ተቀምጠህ ትሰማለህ፤ ከዚያ በኋላ ግን...» ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ፈቀደ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዘመነች ከማብሪያው የቦጨቀችው ፕላስተር አሁንም እጇ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ፕላስተሩን አየች፤ ቀና ብላ ደግሞ የፈቀደን አፍ አየች።