ለውሻው የጠየቅሁት መድን

ነገሩን የጀመረችው ባሕር ዳር ኢንሹራንስ ቤት የምትሠራው የልጅ ልጄ ናት። ለፋሲካ መጥታ፣ ውሻችን ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ስታየው፣ "እማማ፣ ውጭ አገር ቢሆን እኮ ይኼም መድን ይገባለት ነበር" አለችኝ። ጌታው በየዓመቱ ይከፍላል፤ ውሻው ሲታመም ማሳከሚያውን ድርጅቱ ይችላል።

"ካልታመመስ?" አልኋት።

"ካልታመመማ የከፈለው ቀረ።"

"ይኼማ ለጤነኛው ግፍ ነው።"

"ግፍ አይደለም። የጤነኛው ለታመመው ይሆናል። ከናንተ የከብት እድር በምን ተለየ?"

ስቄ ተውሁት።

ውሻውን ያመጣው ሟቹ ባለቤቴ ነው። አንድ ቀን ከሐሙሲት ሲመለስ ቡችላውን በኩታው ሸሽጎ መጣና፣ "ከመንገድ ተከተለኝ" አለኝ። ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ ቡችላ እንዴት አድርጎ ሰው እንደሚከተል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ውሻውም አርጅቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በጋፋት በኩል የሚመጣው መንገድ መታጠፊያ ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሄዶ ይቀመጣል። ሟቹ ከደብረ ታቦር ገበያ የሚመለሰው በዚያ ነበር። መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ያፏጫል፤ ውሻው ይሮጣል፤ እኔም ፉጨቱን ስሰማ ወጡን እጥዳለሁ። ቅዳሜን በምን እንደሚለየው እንጃ፤ ገበያተኛው ሲያልፍ አይቶ ይሆናል። እኔስ ቀብሬዋለሁ፣ ተዝካሩንም አውጥቻለሁ፤ መጠበቅ የለብኝም። ውሻው እዚያ ተቀምጦ ሳየው ግን ጆሮዬ ሳላዝዘው ይቆማል።

በሰኔ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጅብ መጣ። የጎረቤቴ ጊደር ገመዷን በጥሳ ወጥታ ኖሯል። ውሻው በእሷና በጅቡ መካከል ገባ። ጎረቤቴና የመንደሩ ሰዎች ባትሪ ይዘው ሲደርሱ ጅቡ ሸሽቷል፣ ጊደሯም ድናለች፤ የውሻው የኋላ እግር ግን ተዘንጥሎ አገኘነው።

ባጃጅ ነጂው "ውሻ አልጭንም" ሲለኝ የሟቹን ጋቢ አምጥቼ ጠቀለልሁትና፣ "ይኸው፣ ሰው አደረግሁልህ" አልሁት። ጎረቤቶቼ "ጋቢውን ለውሻ!" እያሉ ከኋላዬ ሲያጉተመትሙ ይሰማኛል። ከተማ ያለው የእንስሳት ሐኪም ቁስሉን አጥቦ ሰፋው፣ መርፌም ወጋው፤ "ይመላለሱ፣ ገና ብዙ ይቀረዋል" አለኝ። ለመጀመሪያው ዶሮዎቼን ሸጬ ከፈልሁ። ለቀረው የምሸጠው አልነበረኝም። የልጅ ልጄ ንግግር ያኔ ትዝ አለኝ።

የከብት እድራችን ሕግ ቀላል ነው። የአንዱ በሬ ገደል ቢገባ ወይም ጅብ ቢበላው ሁላችን እናዋጣና ሌላ እንተካለታለን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰብስበን፣ የእድሩ ዳኛ "ሌላ ጉዳይ ያለው?" ሲል ተነሣሁ።

"ውሻዬን እድር አስገቡልኝ።"

ሳቁ። ከሁሉ ይበልጥ የሳቀው ጊደሯ የዳነችለት ጎረቤቴ ነው። "እሜቴ፣ ዛሬ ውሻ ከገባ እኔም ነገ ድመቴን ይዤ እመጣለሁ!"

"ድመትህ ጅብ ከመለሰች አምጣት።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል አልሰሙም?"

"የኔው ጅቡ ሳይሄድ ነው የጮኸው። ከሄደ በኋላ የጮኸስ አንተ ነህ፣ ባትሪህን ይዘህ።"

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

"ጊደሯ ተበልታ ቢሆን ሁላችሁም ታዋጡ ነበር" አልኋቸው። "ስላልተበላች የሁላችሁም ኪስ ዳነ። ያዳናችሁ ግን እኔ ደጅ እግሩን ይዞ ያቃስታል። ማሳከሚያውም የኔ የብቻዬ ሆነ። ይኼ የማን ፍርድ ነው?"

ዳኛው ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና፣ "እውነታቸውን ነው" አለ። "ማሳከሚያውን እድሩ ይቻል። ከእንግዲህም እንደ ከብቱ ይግባ፤ እሳቸውም ያዋጡለት።" ወደኔም ዞሮ፣ "ቢሞትብዎ እንተካልዎታለን።"

ጎረቤቴም አፍሮ፣ "የኔዋ ውሻ ወልዳለች" አለ። "ቡችላውን እኔ እሰጣለሁ። ቀዩን ቢወስዱት ደስ ይለኛል።"

ረታሁ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነልኝም። ቀዩ ቡችላ ሲያድግ ይጮህ ይሆናል፣ ጅብም ይመልስ ይሆናል። ያንን መታጠፊያ ግን ከየት ያውቀዋል? ያንን ፉጨት መቼ ሰማና?

"ተኩልኝ መቼ አልሁ?" አልኋቸው። "አቆዩልኝ ነው ያልሁት።"

"ማቆየትስ የእግዜር ነው፣ እሜቴ" አለ ዳኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እድር አይችለውም።"

"እንግዲያው ለማሳከሚያው አዋጣለሁ፤ ለመተኪያው አላዋጣም። የማልወስደውን ለምን እከፍላለሁ?"

"እንደሱ ያለ ሕግ የለንማ።"

"አውጡታ!"

አጉረመረሙ፣ ተከራከሩ፣ አወጡት። ውሻውም በእድሩ ገንዘብ ሲመላለስ ከርሞ፣ ዝናቡ ጋብ ያለ ሰሞን እያነከሰ ቆመ።

የልጅ ልጄ ይኼን ስትሰማ ስልኩ ውስጥ እስኪያስላት ሳቀች። "እና እማማ፣ የውሻ መድን ይጠቅማል ትያለሽ?"

"በሕይወት እስካለ ይጠቅማል።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ አለብኝ" ብዬ ዘጋሁባት።

እውነትም ውሻው መንገድ ጀምሮ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲመሽ ሣህኑን እየመታሁ እጠራዋለሁ። ያን ዕለት ግን ነጠላዬን ደርቤ ተከተልሁት፤ በሦስት እግሩ ስለሚሄድ እኩል ነው የምንራመደው። ከባሕር ዛፉ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባዶ አህዮች አለፉ፤ ጨውና ጌሾ የተሸከሙ ሴቶች አለፉ። በመጨረሻ ያ ጎረቤቴ ብቻውን መጣ። ስንት ቅዳሜ ከሟቹ ጋር እያወጋ በዚህ መንገድ ተመልሷል።

"እሜቴ፣ በዚህ ብርድ! ሰው ይጠብቃሉ?" አለና ውሻውን አየው። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ሸክሙን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረና ቆመ፤ አብረን እንሂድ ሊል ፈልጎ ይመስለኛል።

ውሻው ጆሮውን እንዳቆመ ነው።

"ገና ነው" አልሁት። "አንተ እለፍ።"