ለደራሲዋ የፈጠርኩላት ሕይወት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሌላ ሌላውን እየተናዘዝኩ እሱን አልፈዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን ቦንጋ ተመድቤ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን፣ ከመቶ ዓመት በፊት ለልጆች ልቦለድ ትጽፍ ከነበረች እንግሊዛዊት መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ለተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። ዘነበች የምትባል፣ ማንኪራ ከሚባል የገጠር መንደር የመጣች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሴትዮዋ እንዴት ደራሲ ሆነች?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም ብል ምን ነበረበት? አፈርኩ፤ አፍሬም ፈጠርኩ። አባቷ ሊድራት ሲል ጠፍታ ለንደን ገባች፣ ሰው ቤት እያገለገለች ጻፈች፣ ስሟም ዓለምን ሞላ አልኩ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ። እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ዘነበች ራሷ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በካፊኖኖ የልጆች ተረት ትጽፍ እንደነበር፣ ቤተሰቦቿም ሊድሯት ቀን ቆርጠው እንደነበር የሰማሁት ከጠፋች በኋላ ነው። ለጓደኛዋ «እንደ ፈረንጇ አደርጋለሁ» ብላ ነበር አዲስ አበባ የሄደችው።

እናቷ እትዬ አስካለ ከማንኪራ በእግራቸው ትምህርት ቤት መጡ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን በማይቀናቸው አማርኛ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ያቺ ፈረንጅ ኋላ እናቷ ጋ ተመለሰች?»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት ነበረ? እኔ ግን «ተመልሳለች፣ እትዬ። እናቷንም ጦራለች» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ስሄድ የደራሲዋን እውነተኛ ታሪክ አገኘሁ። ከእናቷ ቤት ወጥታ አታውቅም። ያን ሁሉ መጽሐፍ የጻፈችው እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው።

ዘነበች አልተመለሰችም። ወንድ ልጃቸው «ወደምኖርበት ከተማ፣ ወደ ቢታ ገነት ወስጄ ላኑርዎት» ቢላቸው እትዬ አስካለ «ልጄ ስትመጣ የተዘጋ ቤት ታግኝ?» ብለው እምቢ አሉ። እዚያው ብቻቸውን ሞቱ።

የቱ ነው በደሌ? ልጅቷን ካልፈለገችው ትዳር አድኛት ቢሆንስ? ዛሬ የሆነ ቦታ እየጻፈች ቢሆንስ? ወይስ አንድ ጓዳ ውስጥ የሰው ዕቃ እያጠበች አለቀች? እናትየውንስ አጽናናኋቸው ወይስ በተስፋ አሰርኳቸው? አንዱን ይዤ ስነሳ ሌላው ያፈርሰዋል። አላውቅም።

ግራ መጋባቴን ግን ሰበብ አላደርገውም። ይቅርታ የምለምናቸው እናት አፈር ገብተዋል፤ ልጅቷ የት እንዳለች አላውቅም፤ እናንተ ደግሞ በእነሱ ፈንታ ልትምሩኝ አትችሉም። ዋሽቻለሁ። ሁለት ጊዜ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ዋሽቻለሁ።